የኔታ ጽፈው የተዉትን መልሱልን

ለተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና ሠራተኞች
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ስለ ተዘጋው የንባብ አዳራሽ እና በውስጡ ስለ ነበሩት የደራስያን ረቂቆች

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ባሕር ዳር የምንኖር የልቦለድ፣ የግጥምና የተውኔት ጸሐፊዎች ነን። የመሥሪያ ቤታችሁን ስም እዚህ አልጠቀስንም። ማንንም ማሳጣት አንፈልግም። ጉዳዩን ግን ታውቁታላችሁ። ቢሯችሁ ድረስ መጥተን በቃል ነግረናችኋል፤ ማመልከቻም አስገብተናል። መልስ ስላጣን አሁን ሕዝብ እያየው እንጠይቃለን።

የሆነው ይህ ነው። በሐይቁ አቅራቢያ ያለው የንባብ አዳራሽ ክረምቱ ሲገባ ተዘጋ። በሩ ላይ «ለቢሮ አገልግሎት ስለተፈለገ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ቀድሞ የነገረን የለም። ዕቃችሁን አውጡ ያለንም የለም። ቅዳሜ ከሰዓት እንደ ልማዳችን ስንሄድ ቁልፉ ተቀይሯል። አዳራሹ የመንግሥት ንብረት እንደሆነ እናውቃለን። ቢሮ እንደጠበባችሁም እናያለን። እኛን ያሳዘነን ሲወሰን እንደሌለን መቆጠራችን ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ይብሳል።

መጀመሪያ አዳራሹ ለእኛ ምን እንደነበረ እናስረዳ። በዚህች ከተማ ጽፎ ብቻ የሚኖር ሰው አናውቅም። ከመካከላችን መምህራን አሉ። ባጃጅ የሚነዳ አለ። ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ ገጣሚ አለች። ፍርድ ቤት በር ላይ ዣንጥላ ተክሎ ማመልከቻ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊም አለ። እሱ ቀኑን ሙሉ የሰው ችግር ሲሰማ ይውላል። የተበደለ ሰው ታሪኩን ከየት እንደሚጀምር፣ የት ላይ እንደሚያቆም፣ የትኛውን ነገር ሳይናገር እንደሚያልፍ ያውቃል። ይህ ዕውቀት ለልቦለዱ ትልቅ ስንቅ ነው። ማታ ተቀምጦ የሚጽፍበት ቦታ ግን የለውም።

ብዙዎቻችን የምንኖረው በኪራይ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። እዚያው ወጥ ይሠራል፣ እዚያው ልጅ ያጠናል፣ እዚያው እንግዳ ይቀመጣል። አምፖል አምሽቶ ከበራ አከራይ «መብራት እየቆጠረብኝ ነው» ይላል። ካፌ እንሂድ ብንል በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን መቀመጥ እኛንም አስተናጋጁንም ያሳቅቃል። የአዳራሹ ረጅም ጠረጴዛ የሥራ ቦታችን ነበር። አናጢ ያለ መሥሪያ ቦታ ወንበር አይሠራም፤ የእኛም ነገር እንደዚያው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ እንነባበብ ነበር። አንዱ የሳምንቱን ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነባል። ሌሎቻችን ወረቀት ሳንይዝ እንሰማለን። አንባቢው ትንፋሽ ካጠረው ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል ማለት ነው። የሰሚው ዓይን ወደ መስኮት ከሄደ ታሪኩ ላልቷል። የደምበጫ ገበሬ የሆነ ገጸ ባሕርይ እንደ አዲስ አበባ ጎረምሳ ካወራ እዚያው ይያዛል። ይህን አሠራር እኛ አልፈጠርነውም። በዋሸራም ይሁን በጎንጅ፣ በጎጃም ቅኔ ቤቶች ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ፣ ማለትም ደርሶ፣ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ሰምቶ ያርማል፤ ካልሆነም ይመልሰዋል። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ ጆሮ ሳይሰማት አታልፍም። እኛም በወረቀት ስናየው ደህና የመሰለንን ነገር ሰው ፊት ስናነበው ነው ጉድለቱ የሚታየን። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ተምረው ዛሬ መጽሐፍ ያሳተሙ ወጣቶች አሉ። መጀመሪያ የመጡ ቀን እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር ያነበቡት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ።

በአዳራሹ ጥግ የብረት ቁም ሳጥን ነበር። ያኔ የነበሩት ኃላፊ ፈቅደው ቁልፉን ለእኛ ሰጥተውናል። በውስጡ የአባላት ረቂቆች፣ የታረሙ ገጾች፣ መድረክ ያላዩ ተውኔቶች ነበሩ። ከሁሉም በላይ የኔታ ጽፈው የተዉት ነበር።

የኔታን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። አንዳንዶቻችሁን አስተምረዋችኋል። ስማቸውን እዚህ ያልጻፍነው ለቤተሰባቸው ብለን ነው። የዋሸራ ቅኔ የተማሩ፣ ኋላም በዘመናዊ ትምህርት ቤት አማርኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ያላቸውን ጊዜ ሁሉ ለአንድ ልቦለድ ሰጡ። ታሪኩ ስለ አንድ ታንኳ ሠሪ ቤተሰብ ነው።

ለዚህ ልቦለድ ሲሉ ከነገደ ወይጦ ሽማግሌዎች ጋር ለብዙ ጊዜ ሐይቁ ዳር ተቀመጡ። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል መቼ እንደሚታጨድ፣ እንዴት እንደሚደርቅ፣ እንዴት እንደሚታሰር ጠየቁ። ታንኳ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ከሐይቁ ወጥቶ ቆሞ ይደርቃል። እንደዚያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፤ ሌላ ይታሰራል። ከዘጌ እንጨትና ቡና ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ የሚመጣው ሰው ይህን ሁሉ በልቡ ይዞ ነው የሚቀዝፈው። የኔታ የእያንዳንዱን ክፍል መጠሪያ፣ ነፋስ ሲነሳ ቀዛፊዎቹ የሚባባሉትን፣ የሞተ ቀዛፊ ሲለቀስ የሚወርደውን ሙሾ በደብተር ጻፉ። በ2004 ዓ.ም. እምቦጭ ሐይቁ ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ደግሞ በደምቢያ በኩል ያሉ ዓሣ አስጋሪዎችን ሄደው አነጋገሩ። መረቡ አረም ውስጥ ሲያዝበት ሰውዬው ምን እንዳደረገ፣ ለሚስቱ ምን ብሎ እንደነገራት ጠይቀው ጻፉ። የሐይቁ ዳርቻ በታረሰና በተገነባ ቁጥር ደንገሉ እየራቀ፣ ታንኳም እያነሰ ነው። ያነጋገሯቸው ሽማግሌዎች ገሚሱ አሁን የሉም። ስለዚህ እነዚያ ደብተሮች የልቦለድ ማስታወሻ ብቻ አይደሉም። ሌላ ቦታ ያልተጻፈ ነገር አለባቸው።

ሲያርሙን የሚሉት ነገር ነበር። «ሐይቁ ውብ ነው አትበሉኝ። ማዕበሉ ሲነሳ ታንኳው ምን እንደሚሆን ንገሩኝ።» የራሳቸውን የመጀመሪያ ምዕራፍ ደጋግመው ጻፉት። አንዴ ታሪኩን ከልጁ አስጀመሩት፣ አንዴ ከእናቲቱ፣ በመጨረሻ ደንገል ከሚታጨድበት ጠዋት። ያን የመጨረሻውን ሲያነቡልን ማንም አላረመም። እኔ ይህን ደብዳቤ የማረቅቀው ሰው ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ። እንደዚያ ያለ መክፈቻ ጥቂት ነው የማውቀው።

የኔታ ዘንድሮ ፋሲካ ሰሞን አረፉ። መጽሐፉ ሁለት ምዕራፍ ይቀረው ነበር። ምን እንደሚሆን ለሁለታችን ነግረውናል፤ ማስታወሻውም ደብተሩ ውስጥ አለ።

ለምን ቅጂ የለም ትሉ ይሆናል። የኔታ በእጃቸው ነው የሚጽፉት። ከእኛ አንዷ በኮምፒውተር መተየብ ጀምራ ነበር። በመሃል ነሐሴ 2015 መጣ። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። መብራት በመጣ ሰዓት የተተየበውን ወደ አሳታሚ መላክ አልተቻለም። በአካል ይዞ ለመሄድም አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ዛሬ ተከፈተ፣ ነገ ተዘጋ እየተባለ ማን ያን የሚያህል የሰው ልፋት በዘንቢል ይዞ ይሳፈራል? የቤታቸው ጣሪያ ያፈስ ነበር። ከተማው ውስጥ ያገኘነው ደህና ቦታ የእናንተ አዳራሽ፣ የእናንተ የብረት ቁም ሳጥን ነበር። አምነን ነው ያስቀመጥነው።

አዳራሹ ሲዘጋ ቁም ሳጥኑ ተሰብሮ ተከፈተ። ወረቀቱ በማዳበሪያ ተሞላ። መጋዘን ገባ። ይህን የነገረን ዕቃውን የተሸከመው የቀን ሠራተኛ ነው። ኋላ አንድ ባልደረባችን የመጋዘኑ በር ተከፍቶ ሲያልፍ ማዳበሪያዎቹን አይቷቸዋል። ሲሚንቶው ላይ፣ ከተሰባበሩ ወንበሮች ሥር ተደርድረዋል። ወለሉ እርጥብ ነበር። የባሕር ዳርን ክረምት ታውቁታላችሁ። የብዕር ቀለም ውኃ ሲነካው ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

የኔታ ባለቤት ለመጠየቅ መጡ። መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ አምጡ ተባሉ። ፍርድ ቤት ተመላልሰው አወጡ። ይዘው ሲመጡ የወረቀቶቹን ዝርዝር አምጡ ተባሉ። ዝርዝሩን እኛ ከአእምሯችን ጽፈን ሰጠናቸው። ከዚያ ንብረቱ የባለቤታቸው ለመሆኑ ደረሰኝ ተጠየቁ። ባላቸው ኩራዝ አብርተው ሲጽፉ አጠገባቸው እየፈተሉ ያመሹ ሴት ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው ደረጃ እየወጡ ሲወርዱ አብረናቸው ነበርን። ከዚያ ወዲህ «ቆጠራ አላለቀም»፣ «ኮሚቴ ይቋቋማል»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው መልሱ። እኚህ እናት ከእናንተ ገንዘብ አልጠየቁም።

ሕጉ ግልጽ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ወጥ ሆኖ ከተጻፈ ከዚያች ጊዜ ጀምሮ ይጠብቀዋል። መታተሙ ግዴታ አይደለም። ደረሰኝ አይጠየቅበትም። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል፤ ወደ ወራሾቹም ይተላለፋል። ወረቀቱም ቢሆን የአዳራሹ ዕቃ አይደለም። ወንበርና ጠረጴዛ ሲቆጠር አብሮ የሚቆጠርበት ምክንያት አይታየንም።

የምንኖረውም የትም ቦታ አይደለም፤ ጣና ዳር ነው። በደሴቱ ገዳም በክብራን ገብርኤል ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ያለፈው ባለ ሥዕል ወንጌል አለ። ዳጋ እስጢፋኖስም፣ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትም የብራና መጻሕፍት አሉ። ክብራን ሴት ስለማይገባ ሴቶች ባልደረቦቻችን ዑራ ሄደው ነው ብራናውን የሚያዩት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ጊዜ ደሴቶቹ የመጻሕፍትና የንዋያተ ቅድሳት መሸሸጊያ ሆነዋል። ፍየልና በግ አርደው፣ ቆዳውን ዘፍዝፈው፣ ወጥረው ፍቀው፣ በመቃ የጻፉት ሰዎች ያለፉበትን ልፋት እናስብ። ከዚያ ደግሞ በየዘመኑ ከእሳት፣ ከዝናብና ከዘራፊ የጠበቁትን መነኮሳት እናስብ። ብዙዎቹ ስማቸው አይታወቅም። እኛ ከእናንተ የምንጠይቀው ከእነሱ ሥራ በጣም ያነሰ ነው። ደረቅ ቦታ አስቀምጡልን፣ ለባለቤቱ መልሱ ነው የምንለው።

ሌላም ቅሬታ አለን። በየበዓሉ፣ በየምረቃው ግጥም ጻፉ ትሉናላችሁ። እንጽፋለን። ድንኳን ያቆመው ይከፈለዋል። ድምፅ ማጉያ ያከራየው ይከፈለዋል። ውኃ ያቀረበው ይከፈለዋል። ገጣሚዋ «ስም ታገኛለሽ» ትባላለች። ስሙም አልተገኘም። ባለፈው አንድ ሕዝባዊ በዓል ላይ ያቺ ጨርቅ የምትሸጠው ባልደረባችን የጻፈችው ግጥም በትልቅ ባነር ታትሞ ተሰቀለ። ስሟ የለበትም። የመጨረሻው ስንኝም ተቀይሯል። ሳይጠይቋት ነው የቀየሩት፤ ቤት መምታቱም ቀርቷል። ያችን ስንኝ ለማግኘት ስንት ሌሊት እንዳደረች እኛ እናውቃለን። ልጆቿን ይዛ ባነሩን ልታሳያቸው ሄዳ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። በሥራ ላይ ስም መጠቀስም፣ ሥራው ያለ ፈቃድ አለመለወጡም በዚሁ አዋጅ ያለ መብት ነው። የተውኔት ጸሐፊዎቻችንም ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል። ጽሑፉን ተቀብላችሁ፣ አሠርታችሁ፣ ውል ስንጠይቅ «እናንተ እኮ የራሳችን ናችሁ» ተባልን። የራሳችሁ ከሆንን ይበልጥ ልትጠነቀቁልን ይገባ ነበር።

ስለ መንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጮችም አንድ ነገር እንበል። መንገዱ ሲሰፋና ሲያምር ደስ ብሎናል። በዘንባባው ሥር መጽሐፍ ዘርግተው ይሸጡ የነበሩት ልጆች ግን ተነሱ፤ ምትክ ቦታ አላገኙም። አንዳንዶቹ መጽሐፍ ትተው የሞባይል ካርድና ካልሲ ይዘው ያዞራሉ። ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የወረቀት ዋጋ ሰማይ ነክቷል። አንድ ሰው ተበድሮ፣ ዕቁብ ወስዶ ያሳተመው መጽሐፍ አዲስ አበባ ያለ አከፋፋይ ዘንድ ተራ አያገኝም። እዚህ ከተማ አንባቢ እጅ የሚያደርሱለት እነዚያ ልጆች ነበሩ። የትኛው አንባቢ ምን እንደሚወድ ያውቃሉ። «ጋሼ፣ ይቺን የእኛው ልጅ ነው የጻፋት» እያሉ ይሸጡልን ነበር።

እንግዲህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት ማዳበሪያዎቹ በዚህ ሳምንት ከመጋዘኑ ወለል ይነሡና ደረቅ ክፍል ይግቡ። ለዚህ ኮሚቴ አያስፈልግም። ጉልበቱ ከጠፋ እኛ መጥተን እንሸከማለን።

ቀጥሎ የኔታ ባለቤት ወይም ልጆቻቸው፣ ከእኛም ሁለት ሰው ባለበት ይከፈቱ። ገጽ በገጽ ተቆጥሮ፣ በፊርማ የኔታ የጻፉት ለቤተሰባቸው፣ የሌሎቻችን ለየባለቤቱ ይመለስ። የራሰ ገጽ ካለ እንዳይላቀቅ፣ ፀሐይም ላይ እንዳይሰጣ አደራ። ቀስ ብለን በጥላ እናደርቀዋለን። ይህን ሥራ ለማገዝ ፈቃደኛ የሆኑ ከመካከላችን አሉ። የኔታ ሙት ዓመት በመጪው ሚያዝያ ነው። ቤተሰባቸው በዚያ ዕለት ከልቦለዱ አንድ ምዕራፍ እንዲነበብ ይፈልጋሉ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ምዕራፎች ከማስታወሻቸው አዋቅረን፣ የእሳቸው ያልሆነውን ለይተን አመልክተን ለኅትመት ልናደርሰው ከቤተሰቡ ጋር ተስማምተናል። ጊዜ ያስፈልገናል።

አዳራሹን በተመለከተ ሙሉ ቀን አንጠይቅም። ቢሮ ሆኖም ቢሆን ከሥራ ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ክፍል ይፈቀድልን። ጽዳቱን እኛ እንይዛለን። እዚያ ካልተቻለ ሌላ ክፍል አሳዩን፤ ጠረጴዛና አምፖል ካለው ይበቃናል።

ከእንግዲህ ለምታሠሩን ጽሑፍ አጭር ውል ይኑር። ክፍያው፣ የጸሐፊው ስም የሚወጣበት ቦታ፣ ሳይፈቀድ እንደማይለወጥ ይጻፍበት። በባነሩ ላይ ስሟ ለቀረው ገጣሚ በደብዳቤ ይቅርታ ይጠየቅ። ልጆቿ እንዲያነቡት ትፈልጋለች።

መጽሐፍ ሻጮቹ ለእግረኛ በማያስቸግር ቦታ፣ ከሐይቁ ዳር ወይም ከገበያው አጠገብ እንዲሰፍሩ የሚመለከተውን ክፍል አነጋግሩልን።

የቃል መልስ ብዙ ሰምተናል። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድትመልሱልን፣ ለውይይትም ቀን እንድትቆርጡልን እንጠይቃለን። የኔታ ባለቤትም በስብሰባው ላይ ይገኛሉ። ደረጃ መውጣት ስለሚከብዳቸው ውይይቱ ምድር ቤት ይሁንልን።

ከአክብሮት ጋር

በባሕር ዳር የሚኖሩ ደራስያን ስብስብ አስተባባሪ፣ የልቦለድ ጸሐፊና መምህር

ግልባጭ፦
ለየኔታ ቤተሰብ
ለባሕር ዳር አንባብያን